ፍሬኑን የረገጠው ዕጢ

በ1995 ይፋ በሆነ አንድ የቶሮንቶ ምርምር ላይ የተገለጹት ግልገል አይጦች ሲወለዱ ለዐይን ምንም አልጎደላቸውም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደ ማንኛውም ግልገል ጠቡ፣ ጠጉር አበቀሉ፣ ዐይናቸውን ገለጡ። ሦስተኛ ሳምንታቸው ላይ ግን መሞት ጀመሩ፤ አራተኛውን ሳምንት የተሻገረ እምብዛም አልነበረም። ሆዳቸው ተከፍቶ ሲታይ ጣፊያቸውና ንፍፊታቸው አብጧል፤ ልባቸው፣ ጉበታቸው፣ ሳንባቸውና ቆሽታቸው በነጭ የደም ሴሎች ተወሯል። ተሕዋሲ አልገባባቸውም፣ መርዝም አልቀመሱም። የፈጃቸው ከበሽታ ሊጠብቃቸው የተፈጠረው የገዛ ሠራዊታቸው ነው።

ተመራማሪዎቹ ከአይጦቹ የነሱት አንድ ዘረ መል ብቻ ነበር፤ ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራውን። ፕሮቲኑ በ1987 ፈረንሳይ ውስጥ ከተገኘ ወዲህ ሥራው ሲያከራክር ቆይቷል። ገሚሱ ሳይንቲስት የመከላከያ ሴሎች ነዳጅ ነው ሲል ገሚሱ ፍሬን ነው ይል ነበር። የቶሮንቶዎቹ አይጦች፣ በዚያው ዓመት ቦስተን ውስጥ በአርሊን ሻርፕ ቡድን ከተፈጠሩት አምሳያዎቻቸው ጋር ሆነው ክርክሩን ቋጩት። ፍሬን ነው። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት በጭነት መኪና የወረደ ሰው ደግሞ ፍሬን የሌለው መኪና መጨረሻው ምን እንደሆነ ማብራሪያ አይፈልግም።

ይህ ፍሬን ለጤነኛ ሰው የሕይወት ዋስትና ነው። ጣጣው ካንሰርም መርገጡን ያውቅበታል።

ስጥ ላይ የተገኘ እንክርዳድ

መሀል ቶሮንቶ ላይ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ግራና ቀኙ ሆስፒታል ነው። ፕሪንሰስ ማርጋሬት የካንሰር ማዕከል፣ ማውንት ሳይናይ፣ ቶሮንቶ ጄኔራል እና ሲክኪድስ በሚል ስም የሚታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ተጎራብተው ቆመዋል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ዳንፎርዝ ጎዳና ተነስቶ በምድር ባቡር ለሚመጣ ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አይጦቹን የፈጠረውን ቡድን የመሩት ታክ ማክ ረጅሙን የምርምር ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከፕሪንሰስ ማርጋሬት ጋር ነው።

ማክ በ1946 ደቡብ ቻይና ተወልደው ሆንግ ኮንግ አድገው ለትምህርት ሰሜን አሜሪካ የገቡ ስደተኛ ናቸው። መነሻ ሙያቸው የቫይረስ ምርምር ነበር። በ1984 ግን የበሽታ መከላከያ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ሲያሳድዱት የኖሩትን የቲ ሴል ተቀባይ ዘረ መል ከሰው ሴል ውስጥ አገኙት። አሜሪካዊው ማርክ ዴቪስና ባልደረቦቻቸው ከአይጥ ያገኙትም በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

ተቀባይ የሚባለው ቲ ሴል ጠላትን ከወዳጅ የሚለይበት እጁ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያለ ሴል ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ቁራጭ ቁራጩን እየወሰደ ደጁ ላይ ያሰጣል። ቲ ሴሎች በየደጁ እየዞሩ ስጡን ይዳስሳሉ፤ እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው። ስጡ የተለመደው እህል ከሆነ ያልፋሉ። የቫይረስ ቁራጭ ወይም በዘረ መል ስህተት የተበላሸ ፕሮቲን ካገኙ ግን ያንን ሴል በሳስተው ይገድሉታል። እያንዳንዱ ቲ ሴል የራሱ የተለየ ተቀባይ ስላለው ሠራዊቱ በጥቅሉ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን እንክርዳድ ሳይቀር መለየት ይችላል።

ካንሰር የሚነሳው ደግሞ ከዘረ መል ስህተት ነው። ስህተት ካለ የተበላሸ ፕሮቲን አለ፤ የተበላሸ ፕሮቲን ካለ ስጡ ላይ ይታያል። ታዲያ ሠራዊቱ ለምን አይጨርሰውም?

አሥራ ስድስት ዓመት የተኛ በሽታ

በብዛት ይጨርሰዋል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ሠራዊቱ በየጊዜው ብቅ የሚሉ የካንሰር ሴሎችን እየለቀመ ያጠፋል የሚለውን ሐሳብ አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔትና አሜሪካዊው ሉዊስ ቶማስ ያነሱት በ1950ዎቹ ነበር። ለብዙ ዓመታት ማስረጃ ጎድሎት ቆይቶ ከ2000 ወዲህ በሮበርት ሽራይበርና ባልደረቦቻቸው የአይጥ ምርምር ነፍስ ዘራ። እነርሱ እንደሚሉት ዕጢና ሠራዊት በሦስት ምዕራፍ ያልፋሉ። መጀመሪያ ማጥፋት ነው። ያልጠፋው ከተረፈ መፋጠጥ ይከተላል፤ ዕጢው አያድግም፣ ሠራዊቱም አይነቅለውም። በመጨረሻ ከተፋጠጡት መካከል መደበቁን የተካነው ሴል ብቻ ይቀርና ያመልጣል።

መፋጠጡ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ያሳየ አንድ አሳዛኝ ገጠመኝ በ2003 ከስኮትላንድ በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። አንድ ሟች ሁለት ኩላሊት ለግሰው ለሁለት ሰዎች ተተከለ። ለጋሹ ከ16 ዓመት በፊት ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው እንደዳኑ ይቆጠሩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ተቀባዮች ሜላኖማ ያዛቸው፤ ምንጩም የለጋሹ ሴሎች ነበሩ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው አዲሱን አካል እንዳይገፋው የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳል። በለጋሹ አካል ውስጥ 16 ዓመት ሙሉ ዘብ ቆሞባቸው ተኝተው የኖሩት ሴሎች አዲስ ቤት ሲገቡ ዘቡን አላገኙትም።

ሽማግሌ የሚጠራ ሌባ

የሚያመልጠው ዕጢ ዘዴው ብዙ ነው። ቀላሉ ስጡን ማንሳት ነው። ቁራጭ ፕሮቲን ደጅ ላይ የሚያወጡትን መደቦች የሚሠራው ዘረ መል ሲበላሽ ቲ ሴል ቢዳስስ ቢዳስስ የሚያገኘው ነገር የለም። ሰውነት ለዚህም መላ አለው፤ ስጥ የሌለበትን ደጅ ተጠራጥሮ የሚገድል ሌላ ዓይነት ነጭ ሴል ያዘምታል። ግን ሁልጊዜ አይደርስም።

ሁለተኛው ዘዴ ፍሬን መርገጥ ነው። ከሲቲኤልኤ-4 ሌላ ፒዲ-1 የሚባል ፍሬን በቲ ሴሎች ላይ አለ፤ በ1992 ያገኙት የጃፓኑ ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጤነኛ አካል ውጊያ ሲበረታበት «ይብቃ፣ እኔንም ልትጎዳኝ ነው» የሚል ፕሮቲን ቆዳው ላይ አውጥቶ ይህን ፍሬን ይጫነዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ጉሮሮው ተቃጥሎ ተቃጥሎ የሚሽረው እንዲህ ባሉ የማብረጃ ሥርዓቶች ነው። ዕጢም ያንኑ ፕሮቲን ያወጣል። ሊገድለው የደረሰው ቲ ሴል ደጁ ላይ ቆሞ፣ እንክርዳዱን እያየ፣ እጁን ያጥፋል።

ሦስተኛው ሽማግሌ መጥራት ነው። ከቲ ሴሎች መካከል ሥራቸው መግደል ሳይሆን ነገር ሲካረር ገላጋይ ሆኖ መግባት የሆነ አሉ። እነሱ ባይኖሩ ሰውነት ራሱን ይበላ ነበር። ዕጢው እነዚህን ገላጋዮች በኬሚካል ምልክት ወደ ራሱ ይጠራቸዋል፤ ሌባው ቤት ሽማግሌ ተሰብስቦ ባለንብረቱን «ተው፣ ይቅር በለው» እንደማለት ነው። አንዳንዱ ዕጢ ደግሞ ዙሪያውን በጠባሳ መሰል ግድግዳ አጥሮ ሠራዊቱን ከደጅ ያስቀረዋል። የቆሽት ካንሰር ለሕክምና አስቸጋሪ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው አጥር ነው።

ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱን ማክሸፍ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ እንዳለ ቶሮንቶ በቅርብ አይታለች። ሲዲ47 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የሞተና የተበላሸ ሴል የሚውጡትን በላተኛ ሴሎች «አትብላኝ» ብሎ የሚያባርር። የደም ካንሰር ሴሎች በብዛት ይለብሱታል። ይህን ልብስ የሚገፍ መድኃኒት ሲሠራ የነበረውን የቶሮንቶ አካባቢውን ትሪሊየምን ፋይዘር በ2021 በ2.26 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛው። ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ የሌላ ኩባንያ መድኃኒት በ2023 እና በ2024 በትልልቅ ሙከራዎች ላይ የታካሚዎችን ዕድሜ ማራዘም ሳይችል ቀርቶ ሙከራዎቹ ቆሙ።

ፍሬኑ ሲለቀቅ

ፍሬኑን መልቀቅ ግን ሠርቷል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ-4ን በሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል አይጥ ላይ ያለ ዕጢ ሊጠፋ እንደሚችል በ1996 አሳዩ። አሳባቸው ቀላል፣ ለዘመኑ ግን እንግዳ ነበር፤ መድኃኒቱ ካንሰሩን አይነካውም፤ የሚነካው ቲ ሴሉን ነው። ከዚያ የተወለደው ኢፒሊሙማብ በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ2014 በፒዲ-1 በኩል የሚሠሩት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ተከተሉ። አሊሰንና ሆንጆ በ2018 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተጋሩ።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሳይሆኑ አይቀሩም። ድርጅታቸው በጊኒ ዎርምና በአማራ ክልል በትራኮማ ዘመቻ ይታወቃል። በነሐሴ 2015፣ የ90 ዓመት አዛውንት ሳሉ፣ ሜላኖማ ጉበታቸውንና አንጎላቸውን እንደነካ ተናገሩ። ከጉበታቸው ያለው በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ አንጎላቸው ላይ የታዩት አራት ነጠብጣቦች በጨረር ተመቱ፣ ፔምብሮሊዙማብም ተጀመረላቸው። በታኅሣሥ ወር ምርመራው ካንሰር እንደማያሳይ ለሰንበት ተማሪዎቻቸው አበሠሩ። ያረፉት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2024 መጨረሻ፣ መቶ ዓመት ሞልቷቸው ነው።

የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፤ የብዙዎቹ ግን ይሆናል። ቀድሞ ሜላኖማ ከተሠራጨባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዓመት አይደፍኑም ነበር። ኢፒሊሙማብንና ኒቮሉማብን አብረው ከወሰዱ ታካሚዎች መካከል ግን ከአሥር ዓመት በኋላ 43 በመቶው በሕይወት እንዳሉ በ2024 የወጣ የረጅም ጊዜ ክትትል አሳይቷል።

ከተሰበረ ማረሚያ የተገኘ ዕድል

ቀሪው 57 በመቶስ? ሜላኖማ ደግሞ ለዚህ ሕክምና ከሚመቹት ግንባር ቀደሙ ነው። በቆሽትና በፕሮስቴት ካንሰር የሚጠቀመው ታካሚ ጥቂት ነው። ልዩነቱን ከሚፈጥሩት ነገሮች አንዱ የእንክርዳዱ ብዛት ነው። በፀሐይ ጨረር የሚመጣ የቆዳ ካንሰርና በሲጋራ የሚመጣ የሳንባ ካንሰር በዘረ መል ስህተት የተሞሉ ናቸው፤ ፍሬኑ ሲለቀቅ ቲ ሴሎች የሚለቅሙት አያጡም። ስህተቱ ጥቂት የሆነበት ዕጢ ላይ ግን ፍሬን ቢለቀቅም መኪናው የሚሄድበት አድራሻ የለውም።

ይህን በሕፃናት ላይ ያሳዩት የሲክኪድስ ሐኪሞች ናቸው። አንዳንድ ልጆች ከእናትም ከአባትም የተበላሸ የዘረ መል ማረሚያ ይወርሳሉ። ሴል ሲከፈል የሚፈጠሩትን የግልበጣ ስህተቶች የሚያርመው ሥርዓት ስለሌላቸው ገና በልጅነታቸው የአንጎል፣ የአንጀትና የደም ካንሰር ያጠቃቸዋል፤ የዘመድ ጋብቻ ባለባቸው ቤተሰቦች ውስጥ ሁኔታው ይበዛል። ዕጢዎቻቸው ከማንኛውም የሕፃናት ካንሰር በላይ ስህተት የተሸከሙ ናቸው። ኤሪክ ቡፌ፣ ዩሪ ታቦሪና ባልደረቦቻቸው በ2016 እንደጻፉት፣ የተመለሰ ግሊዮብላስቶማ የተባለ ክፉ የአንጎል ካንሰር ያለባቸው ወንድምና እህት የሆኑ ሁለት ሕፃናት ኒቮሉማብ ተሰጥቷቸው ዕጢዎቻቸው በሚያስደንቅ ሁኔታ ሟሸሹ። ልጆቹን ለካንሰር የዳረጋቸው ጉድለት ዕጢውን ለሠራዊቱ አጋለጠው።

መድኃኒቱ የሚሠራለትን ሰው ቶሎ መለየት የሚቻልበት መንገድም ከጎዳናው ማዶ እየተጠና ነው። በፕሪንሰስ ማርጋሬት በሊሊያን ሲው በተመራ ምርምር ፔምብሮሊዙማብ ከሚወስዱ 94 ታካሚዎች በየጊዜው ደም ተቀድቶ ከዕጢው ተቆርሶ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ዘረ መል ተለካ። በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት ይህ ዘረ መል ከደማቸው ፈጽሞ የጠፋላቸው 12 ታካሚዎች ሁሉም፣ ከሁለት ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ፣ በሕይወት ነበሩ።

ከክንድ ጠባሳ እስከ ፊኛ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ቅንጦት ለሚመስለው አንባቢ፣ የካንሰር የመከላከል ሕክምና አንዱ ጥንታዊ መሣሪያ ክንዱ ላይ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕፃናት እንደተወለዱ የሚወጉትና ጠባሳ የሚተወው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ የሽንት ፊኛ ካንሰር መድኃኒትም ነው። ይህ ሕክምና የፈር ቀዳጅነት ታሪክ ያስገኘላት ከተማ ከቶሮንቶ በስተ ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ኪንግስተን ናት። የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲው አልቫሮ ሞራሌስ በ1976 በዘጠኝ ታካሚዎች ላይ የሞከሩትን አሳተሙ። የተዳከመው ባክቴሪያ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል፤ ታካሚው ሁለት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይይዛል፤ ይህ በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንት ይደጋገማል። ባክቴሪያውን ሊወጋ የወጣው ሠራዊት ተኝቶ ያለፈውን ዕጢ በዚያው ያገኘዋል። ከፊኛው ግድግዳ ብዙ ላልዘለቀ ካንሰር ዛሬም ዋናው ሕክምና ነው።

አዲሶቹ መድኃኒቶች ግን ውድ ናቸው። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ውስጥ ታካሚው በሆስፒታል ሲወስዳቸው ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ያም ሆኖ ፔምብሮሊዙማብ በታካሚው ክብደት ተለክቶ ይሰጣል እንጂ ለሁሉም እኩል 200 ሚሊ ግራም አይቀዳም። ሕንድ ከዚህም ርቃ ሄዳለች። የሙምባዩ ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሞች ለራስና አንገት ካንሰር ከተለመደው 240 ሚሊ ግራም ኒቮሉማብ ይልቅ 20 ሚሊ ግራም ብቻ ከሌላ ርካሽ ሕክምና ጋር ሰጡ። ዓመት የሞላው ታካሚ ርካሹን ሕክምና ብቻ ከወሰዱት ከታየው 16 በመቶ ወደ 43 በመቶ ገደማ አደገ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ፔምብሮሊዙማብን ለተሠራጨ የማህፀን በር ካንሰር ጭምር መሠረታዊ መድኃኒት ብሎ መዝግቦታል። ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው፣ የዚህን ካንሰር መንስኤ ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ደግሞ ያንኑ ሠራዊት ከዕጢው ቀድሞ የሚያሰለጥን፣ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው።

የአይጦቹ ዕዳ

ፍሬን ሲለቀቅ ለካንሰሩ ብቻ አይለቀቅም። በቶሮንቶዎቹ አይጦች ላይ የታየው በታካሚዎችም ላይ በትንሹ ይታያል፤ ታይሮይድ ይደክማል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ጉበትና ሳንባ ይቆጣል፣ አንጀት ይላጣል። አልፎ አልፎ ልብ ይነካል፤ ያ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ኢፒሊሙማብንና ኒቮሉማብን አብረው ከሚወስዱ ታካሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠንከር ያለ ጉዳት ያጋጥማቸዋል። አብዛኛው ግን በጊዜ ከተደረሰበት በስቴሮይድ ይበርዳል።

በጊዜ ለመድረስ ታካሚው መናገር አለበት። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚንጠባጠበው ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በፊት ነርሷ የጉበትና የታይሮይድ ምርመራውን ታያለች፣ ከዚያም ትጠይቃለች፤ ሽፍታ አለ? ትንፋሽ ያጥርሃል? በቀን ስንት ጊዜ ተቀመጥህ? ጥያቄዎቹ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው ልጅ ነው። እናት በልጇ ፊት፣ አባት በሴት ልጁ ፊት ስለ ተቅማጥ አያወራም። ከዚያ በላይ ደግሞ የአፍ ልማድ አለ። ሌሊቱን ሰባት ጊዜ የተመላለሰ ሰው እንዴት አደርክ ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ለሰላምታ የተሰጠ መልስ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን «ምንም ምልክት የለም» ተብሎ ይጻፋል፣ መርፌውም ይቀጥላል።

ሥራውን የለመደች ነርስ በዚህ መልስ አትረካም። አስተርጓሚ በስልክ ታስጠራለች፣ ልጁን ለጥቂት ደቂቃ ደጅ እንዲቆይ ትለምናለች፣ ጥያቄውንም ከፋፍላ ትጀምረዋለች፤ ትናንት ጠዋት ስንት ጊዜ? ማታስ? ሌሊቱንስ?